ሕመም የሌለው ቁስል



ስለ ሳንባ ነቀርሳ ሲነገር ሁላችንም የምናስበው ሳልን፣ ደም የቀላቀለ አክታንና የሰውነትን መክሳት ነው። ነገር ግን ሮበርት ኮኽ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1882 ለዓለም የገለጠው ይኸው ረቂቅ ተሐዋሲ በሳንባ ብቻ ተወስኖ አይቀርም፤ አልፎ አልፎ በቆዳም ላይ ይታያል። ዛሬ የምነግራችሁ ስለዚሁ ነው።

አንደኛው ዓይነት በአንገት፣ በብብት ወይም በብሽሽት ካለ ንፍፊት ይነሣል። እብጠቱ እንደ ብጉንጅ አያቃጥልም፤ አይጠዘጥዝም። ቆይቶ በላዩ ያለው ቆዳ እየሳሳ ይፈነዳና ለወራት መግል ያወጣል፤ ሲድንም የተጨማደደ ጠባሳ ይተዋል።

ሁለተኛው ብዙውን ጊዜ ፊትን ይመርጣል። በጉንጭ፣ በአፍንጫ ወይም በጆሮ ላይ ቀላ ያለ ቡናማ እብጠት ሆኖ ይጀምርና በአንድ ወገን እየጠገገ በሌላው እየሰፋ ለዓመታት ይጓዛል። ችላ ከተባለ የአፍንጫንና የጆሮን ለስላሳ ክፍል በልቶ መልክን ያበላሻል። ኒልስ ፊንሰን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1903 የኖቤልን ሽልማት የተቀበለው በተለይ ይህን ዓይነት በብርሃን በማከሙ ነበር።

ሦስተኛው ተሐዋሲው በጭረት በኩል ሲገባ በእጅ ወይም በእግር ላይ እንደ ኪንታሮት ሻካራ ሆኖ ይበቅላል።

ሦስቱንም የሚያመሳስላቸው ሕመማቸው እጅግ ጥቂት መሆኑ ነው። የሚያታልሉንም በዚሁ ነው። ሰው የሚያስጮኸውን ጥርስ በማግስቱ ያስነቅላል፤ ዝም ያለውን ቁስል ግን በሻርብ ሸፍኖ ዓመት ያሳልፋል።

እንዲህ ያለ ቁስል ከቁንጭርና ከሥጋ ደዌ ጋር ስለሚመሳሰል በዓይን ብቻ አይፈረድበትም። ሐኪሙ ከቆዳው ጥቂት ቆርጦ ያስመረምራል፤ በሽታው በውስጥም ሊኖር ስለሚችል ሳንባን በራጅ ያያል። መድኃኒቱ አብዛኛውን ጊዜ ለስድስት ወር ይወሰዳል፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት አራት ዓይነት፣ በቀሩት አራት ወራት ሁለት ዓይነት ነው። በአገራችንም በመንግሥት ጤና ጣቢያዎች ያለ ክፍያ ይሰጣል። ቁስሉ ደረቀ ብሎ መድኃኒቱን በመካከል ማቋረጥ ግን በሽታውን ተመልሶ እንዲበረታ ማድረግ ነው።

በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ይባላል። የሥራ ባልደረባችሁ አንገቱን ሸፍኖ ሲመላለስ ብታዩ አትሽሹት፤ እጅ በመጨበጥ ይህ ቁስል አይተላለፍም። ይልቁንም ለብቻው አነጋግሩት፤ ወደ ሐኪም እንዲሄድም ምከሩት። አለቃ የሆናችሁም ለሕክምና ፈቃድ ሲጠይቃችሁ አትንፈጉት።