በሁለት ወረቀት መካከል የሚቀመጥ ሰው

(በትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል ላይ ለተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ከደሴ በወልድያ መንገድ ሐይቅን አልፎ የሚሄድ ሰው ውጫሌን ያገኛል። ዳግማዊ ምኒልክ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከኢጣልያው መልእክተኛ ከኮንት አንቶኔሊ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል የተዋዋሉት በዚያ ነው። ውሉ በአማርኛና በኢጣልያንኛ ተጻፈ፤ ሁለቱም እኩል እንዲጸኑ ተባለ። ነገር ግን በ17ኛው አንቀጽ አማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በኢጣልያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ሲል፣ ኢጣልያንኛው ግዴታ አድርጎት ኖሯል። ነገሩ የተገለጠው በ1882 ዓ.ም. ከኤውሮፓ የመልስ ደብዳቤ በመጣ ጊዜ ነው።

አስተርጓሚው ግራዝማች ዮሴፍ ንጉሤ ነበሩ። ተታለሉን ወይስ ሳያስተውሉት ቀሩ? የታሪክ ጸሐፊዎች ይከራከሩበታል፤ እኔ አልፈርድም። ያን የሚያህል ጉዳይ በጥቂት ሰዎች ጆሮና ምላስ ላይ መንጠልጠሉ ግን ያስደነግጠኛል። ከዓድዋ ድል በኋላ በጥቅምት 1889 ዓ.ም. የተደረገው የሰላም ውል የውጫሌውን ሻረ፤ የተጻፈውም በአማርኛና በፈረንሳይኛ ነው።

ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግም አለ። በ1871 ዓ.ም. ወደ ሸዋ መጥቶ አማርኛ ለመደ፤ ልማዳችንን አወቀ፤ የምኒልክም አማካሪ ሆነ። በ1886 ዓ.ም. የጅቡቲ ምድር ባቡር የ99 ዓመት ፈቃድ የተሰጠው ለእርሱ ነው። ብልህ ሰው ነበር፤ ሆኖም አማካሪውና ባለፈቃዱ አንድ ሰው ሲሆን ልብ ማለት ያሻል።

ይህ የቤተ መንግሥት ነገር ብቻ አይምሰላችሁ። በባቲ የሰኞ ገበያ ግመል የሚያሻሽጥ ደላላ አፋርኛ ማወቁ ብቻ አይበቃውም፤ ከዋጋው በፊት ዳጉ፣ ማለት የወሬ ልውውጥ፣ እንደሚቀድም ማወቅ አለበት። ወደ ኮምቦልቻም ቻይናውያን መጥተው በ2009 ዓ.ም. የተመረቀውን የኢንዱስትሪ ፓርክ ሠርተዋል፤ ቱርኮችም ከአዋሽ የሚመጣውን ሐዲድ ዘርግተዋል።

በዚያው ከተማ እኔም በአንድ የንግድ ድርድር አስተርጓሚ ሆኜ ተቀምጬ ነበር። የውሉ ረቂቅ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ቀርቧል። ነጋዴው አባት ስለ ዋጋው ሲጠየቁ «እሺ፣ ይታሰብበታል» አሉ። የውጭ አገሩ ገዢ «እሺ» የምትለዋን ቃል ያውቃት ነበርና እንደ ተስማሙ ቆጥሮ መጻፍ ጀመረ። «ይህ ትሕትና ነው እንጂ ስምምነት አይደለም» አልሁት። ነጋዴው ያልሁትን ጠይቀው በተረዱ ጊዜ ፊታቸው ጠቆረ።

«ልጄ፣ አንተ የማን ነህ?» አሉኝ።

የእርስዎ ብል ገዢው አያምነኝም፤ የሁለታችሁም ብል እርሳቸው አያምኑኝም። ስለዚህ መልስ ሳልሰጥ ሁለቱን ወረቀቶች አነሣሁና የአማርኛውን ለገዢው በእንግሊዝኛ፣ የእንግሊዝኛውን ለእርሳቸው በአማርኛ ቃል በቃል እያፈራረቅሁ አነበብሁ። ከአራተኛው መስመር ስደርስ ሁለቱም በአንድ ጊዜ አስቆሙኝ።

ውሉ የተፈረመው በሦስተኛው ቀን ነው።