ማን ነው የሚያባርርሽ?

የተወደዳችሁ እህቶቼ፣ ጂዛን ከተማ ያላችሁ፣ ሰብያ፣ አቡ ዐሪሽ፣ ሳምጣና ጡዋል ያላችሁ፣ እኔም ከእናንተ አንዷ ነበርኩ። በ19 ዓመቴ መጥቼ ጂዛን ውስጥ አምስት ዓመት በሰው ቤት ሠርቻለሁ። ዛሬ የማወራችሁ አገር ቤት ከገባሁ በኋላ በሳይክል ስለዋልኩበት አንድ ቀን ነው። «ሳይክልና እኛን ምን አገናኘን?» እንዳትሉኝ፤ እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

የምሠራበት ቤት ጣሪያ ላይ ልብስ ሳሰጣ ባሕሩ ይታየኝ ነበር። በአምስት ዓመት ውስጥ ባሕር ዳር የቆምኩት ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ቤተሰቡ ወደ ፈረሳን ደሴት ለሽርሽር ሲሄድ ልጆች እንድጠብቅ ይዘውኝ ሄዱ። በመርከብ አንድ ሰዓት ያህል ነው። እዚያ ልጆቹ በውኃው ዳር ሳይክል ሲነዱ እኔ ጫማቸውንና ውኃቸውን ተሸክሜ ከኋላ እሮጥ ነበር። «አገሬ ከገባሁ እኔም እነዳለሁ» አልኩ በልቤ።

ተመልሼ ባሕር ዳር አክስቴ ቤት ገባሁ። ከተማዋን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ሜዳ ስለሆነች ተማሪውም ሠራተኛውም ሳይክል ይነዳል። የአክስቴ ልጅ አስተማረችኝ። ወድቄ ተነሥቼ በሦስት ሳምንት ለመድኩ። አንድ ቀን፣ አካባቢው ገና ሰላም በነበረበት ጊዜ፣ «ዘጌን ዞረን እንምጣ» አለችኝ።

ዘጌ ከጣና ሐይቅ በስተ ደቡብ ምዕራብ ወደ ውኃው የገባ፣ ደን የለበሰ ባሕረ ገብ መሬት ነው። ቡናው ከዛፍ ጥላ ሥር ይበቅላል፤ በደኑ ውስጥ የቆዩ ገዳማት አሉ። በመኪና መንገድ ከባሕር ዳር ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ አብዛኛውም ያኔ ኮረኮንች ነበር።

ንጋት 12 ሰዓት ላይ ተነሣን። አስፋልቱ እንዳለቀ አቧራው፣ ድንጋዩና ዳገቱ ተከታተለ። እኔ ግን አላቆምም። እሷ «እንረፍ» ስትል እኔ «እንጨርሰው» እላለሁ። ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ፣ አፌ ደረቀ፣ አሁንም እነዳለሁ። በመጨረሻ ካቴናው ሲወልቅ ግድ ቆምን። እሷ ካቴናውን ስትመልስ እኔ የውኃውን ጠርሙስ አንሥቼ «ልጠጣ?» አልኳት።

ሳቀች። መልሳ ደግሞ ፊቴን አየችና ዝም አለች። እኔም ያኔ ነው የሰማሁት። አገሬ ከገባሁ ስምንት ወር ሆኖኛል፤ ውኃ ለመጠጣት ግን አሁንም ፈቃድ እጠይቃለሁ።

ጠጥቼ እንደገና ተጣደፍኩ። ዳገቱ ላይ ዓይኔ ጨለመብኝና ከሳይክሉ ወርጄ መንገድ ዳር ተቀመጥኩ። የአክስቴ ልጅ ነጠላዋን አርጥባ አንገቴ ላይ አደረገችልኝና፣ «እህቴ፣ ማን ነው የሚያባርርሽ?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። አለቀስኩ። ጂዛን እያለሁ ወገቤን ሲያመኝ፣ ትኩሳት ሲይዘኝ፣ ለአንድም ሰው ሳልናገር ሥራዬን እጨርስ ነበር። ያ ጉብዝና ይመስለኝ ነበር። ዛሬም ወገቤ ክረምት በመጣ ቁጥር ያስታውሰኛል።

ከዚያ በኋላ በየግማሽ ሰዓቱ እያረፍን ሄድን። የሚገርመው፣ እያረፍን ስንሄድ ደረስን። በደኑ ውስጥ ሳይክሉን እየገፋን፣ የኡራ ኪዳነ ምሕረትን የግድግዳ ሥዕሎች አየን፤ የዘጌን ቡና ጠጣን። ከሰዓት በኋላ እሷ «ሳይክሎቹን ጀልባ ላይ ጭነን እንመለስ» ስትለኝ መጀመሪያ አፈርኩ። በእግሬ የጀመርኩትን በእግሬ ካልጨረስኩ የተሸነፍኩ መሰለኝ። ኋላ ግን እሺ አልኩ። ወደዚያ በመንገድ፣ ወደዚህ በውኃ፣ ዙሩን ጨረስነው። ሐይቁ ላይ እጄን ውኃ ውስጥ ነክሬ መጣሁ።

እህቶቼ፣ ጂዛን ላይ ሳይክል ንዱ እያልኳችሁ አይደለም። የአክስቴን ልጅ ጥያቄ ግን ለእናንተም ልተውላችሁ። እረፍት የጉዞው ክፍል ነው፤ ማዳም ደስ ሲላት የምትሰጠው ስጦታ አይደለም። ሕጉም ይህንኑ ይላል። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2024 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የሳዑዲ የቤት ሠራተኞች ደንብ የቀን ሥራ ከ10 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ በሳምንት ቢያንስ 24 ተከታታይ ሰዓት ከነደመወዙ እረፍት እንዲኖር ያዝዛል። ፓስፖርታችሁንም አሠሪ መያዝ አይፈቀድለትም።

እንዴት ትጠይቃላችሁ? ቤቱ ሲረጋጋ፣ ማዳም ሳትቆጣ፣ ለብቻዋ ስትሆን ጠይቁ። «ማማ፣ አብጋ ዮም ራሓ» በሉ፤ «የእረፍት ቀን እፈልጋለሁ» ማለት ነው። ቀኑን ራሳችሁ ምረጡና ንገሯት። ሙሉ ቀን እምቢ ካለች በግማሽ ቀን ጀምሩ፣ በሚቀጥለው ወር ደግሞ መልሳችሁ ጠይቁ። የሠራችሁበትን ሰዓትና የተቀበላችሁትን ደመወዝ በትንሽ ደብተር ጻፉ። የምትመታ ወይም የምትዝት አሠሪ ከሆነች ግን አትከራከሩ፤ ለምታምኑት ሰው ወይም ጅዳ ላለው የኢትዮጵያ ቆንስላ አሳውቁ።

ድንበሩን በእግር አቋርጣችሁ የመጣችሁ፣ ኢቃማ የሌላችሁ እህቶች ሕጉን ይዞ መከራከር እንደሚከብዳችሁ አውቃለሁ። ሰውነታችሁ ግን ኢቃማ ካላት እህታችሁ ሰውነት አይለይም። ሲያማችሁ ለአንዲት ጓደኛ ተናገሩ። በዚያ ሙቀት ውኃ ጠጡ፤ ለመጠጣት ማንንም አታስፈቅዱ።

ለቤተሰብ ስትደውሉም ሁልጊዜ «ደህና ነኝ» አትበሉ። «ደክሞኛል» ማለትም ይቻላል። እኔ ጀልባው ላይ ስወጣ ያፈርኩት ለአምስት ደቂቃ ነበር። ከዚያ በኋላ ነፋሱ ደስ አለኝ።

በርቱ አልላችሁም፤ ብርታታችሁን አውቀዋለሁ። እረፉ እላችኋለሁ። በሰላም ለአገራችሁ ያብቃችሁ።