በግልጽ መናገር ምን ማለት ነው?



የዛሬው ንግግራችን «በግልጽ» ስለምትባለው ቃል ነው።

«በግልጽ ተናገር» ሲባል ጮክ ብሎ መናገር ይመስለናል። አይደለም። ጩኸት ድምፅን ያጎላል እንጂ ነገርን አያጠራም። ቃሏ ሁለት ነገር ትላለች። አንደኛው ሳይደብቁ መናገር ነው፤ ይህን «ፍርጥ አድርጎ ተናገረ» እንላለን። ሁለተኛው ሰሚው ሌላ ነገር እንዳይመስለው አድርጎ መናገር ነው፤ ይህን ደግሞ «ቁልጭ አድርጎ ተናገረ» እንላለን። ሰው ምንም ሳይደብቅ ተናግሮ ነገሩ ላይገባ ይችላል።

ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ምስክር ዳኛ ፊት ቀርቦ «ጎረቤቴ ሲመታ አይቻለሁ» አለ እንበል። «መ»ንና «ታ»ን ካላላን መቺው ጎረቤቱ ነው። ካጠበቅን ግን ጎረቤቱ ተመቺ ነው። በጆሮ ይለያል፤ ሲጻፍ ግን አንድ ነው። ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ያሉት 33 ፊደላት ከነዝርያቸው 231 ናቸው። ከነዚህ ውስጥ መጥበቅንና መላላትን የሚለይ አንድም የለም። ስለዚህ ወረቀቱን በኋላ የሚያነብ ሰው በዳዩን ተበዳይ ሊያደርገው ይችላል።

ታዲያ ምን እናድርግ? ማን ማንን እንደመታ እንጨምር። «ጎረቤቴ ወንድሙን ሲመታ አይቻለሁ»፤ ወይም «ጎረቤቴ በወንድሙ ሲመታ አይቻለሁ»። አንዲት «ን» ወይም አንዲት «በ» ፍርድን ታቀናለች።

«ገና አልደረሰም» ብለን ደብዳቤ ብንጽፍስ? በዓሉ ነው ወይስ እህሉ? «እህሉ ገና አልደረሰም» ብንል ግን የሚጠራጠር የለም። ጤና ጣቢያ ስንሄድም «አሞኛል» ብቻ አይበቃም። የቱ ጋ ነው? ከመቼ ጀምሮ ነው? ምን መድኃኒት ወስደናል? ይህን ሁሉ መናገር አለብን።

አባቶች «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» ይላሉ። እውነት ነው፤ ለጨዋታ ሰምና ወርቅ ያምራል። ለምስክርነት፣ ለውልና ለሕመም ግን ወርቁን ብቻ እናውጣ።

በጣት አሻራ ብቻ ይፈርም የነበረ ሰው የፈረመበትን አያውቅም ነበር። እኛ ግን ማንበብ ችለናል። እንግዲህ ከመፈረማችን በፊት ወረቀቱን ድምፃችንን አውጥተን እናንብበው፤ አንዴ አጥብቀን፣ አንዴ አላልተን። ሁለት ፍች ካገኘንበት ሳናፍር «ይታረምልን» እንበል።