የካርታው ጠርዝ ምን ይናገራል? ስለ ብወዛ፣ ስለ ዕጣና ስለ አንድ ቀይ መስመር

(በፋኩልቲው ሕዝባዊ የንግግር መድረክ ላይ የቀረበ፤ ሙሉ ቃል)



በዚህ መድረክ ላይ ካርታ ይዞ የቆመ መምህር ከዚህ ቀደም ያያችሁ አይመስለኝም። ካርታ ስል የጂኦግራፊ ባልደረቦቼ ጆሯቸውን እንዳያቆሙ፤ የማወራው በለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ሌሊቱን ስለሚያሳጥረው የመጫወቻ ካርታ ነው። ሁለቱን ጆከሮች አውጥቼ 52ቱን ብቻ ይዣለሁ። ከፊትም ሆነ ከጀርባ ብትመለከቷቸው በየሱቁ ከሚሸጡት አይለዩም። ልዩነታቸው ጠርዛቸው ላይ ነው። ካርታዎቹ ተደርበው ሲያዙ በረጅሙ ጎናቸው ላይ፣ ከላይኛው ማዕዘን እስከ ተቃራኒው የታችኛው ማዕዘን፣ በቀይ ማርከር የተሰመረ አንድ ሰያፍ መስመር ይታያል። የዛሬው ንግግሬ ስለዚህ መስመር ነው።

መስመሩን ለምን እንዳሰመርሁ ለመናገር ከራሴ ጥፋት መጀመር ይኖርብኛል። ቀደም ሲል ባስተማርሁበት አንድ ተቋም፣ ተማሪዎችን ለመስክ የመረጃ አሰባሰብ ልምምድ ወደ ወረዳዎች የመመደብ ኃላፊነት ለዓመታት የእኔ ነበር። የእያንዳንዱን ተማሪ ስም በአንድ ጠንካራ ወረቀት ላይ እጽፋለሁ፤ በፊደል ተራ የተደረደሩትን 48 ወረቀቶች በተማሪዎቹ ፊት ሁለት ጊዜ እበውዛለሁ፤ ከዚያም ከላይ ጀምሬ አነባለሁ። በመጀመሪያ የተጠሩት ጠዋት ሄደው ማታ በሚመለሱበት የቅርብ ቀበሌ ይመደባሉ። መጨረሻ ላይ የሚቀሩት ስምንቱ አውቶቡስ ካወረዳቸው በኋላ ግማሽ ቀን በእግር ወደሚያስኬደው ቆላ ይወርዳሉ። ማንም ቅር ሊለው አይገባም ብዬ አምን ነበር፤ ዕጣ ነዋ።

አንድ ቀን ስሟ በ«ፈ» የሚጀምር ተማሪ ቢሮዬ መጣች። «መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እኛ የፊደል ገበታው መጨረሻ ላይ ያለነው ምን በድለናል?» አለችኝ። በእጇ የሦስት ዓመት የምደባ ዝርዝር ይዛለች። በሦስቱም ዓመታት የስም ዝርዝሩ መጨረሻ ላይ የነበረው ተማሪ ወደዚያ ቆላ ወርዷል፤ ስሙ በ«ሀ» ከሚጀምር ግን አንድም ሰው አልወረደም። እኔም በዚህ ሙያ የሠለጠነ ሰው ሁሉ እንደሚለው፣ «ልጄ፣ አጋጣሚ ነው፤ ዕጣ ትዝታ የለውም» አልኋት። አመስግናኝ ወጣች።

ዕጣ ትዝታ እንደሌለው እውነት ነው። የእኔ ወረቀቶች ግን ትዝታ ነበራቸው። ይህን ያወቅሁት ወራት ዘግይቶ፣ ስለ ካርታ ብወዛ ለክፍል ማስተማሪያ የሚሆን ነገር ሳዘጋጅ ነው።

የካርታን ጠርዝ ማቅለም የእኔ ፈጠራ አይደለም። መጽሐፍ ጠርዙ በወርቅ እንደሚለበጥ ሁሉ ካርታም ይለበጣል። ዛሬ ካርታ የሚሰበስቡና የምትሐት ትርዒት የሚያሳዩ ሰዎች ደግሞ በተራ ማርከር ጠርዙን ቀይ፣ ጥቁር ወይም ሰማያዊ ያደርጉታል። ሥራው የሚቀና የሚመስለውን ያህል አይቀናም። የወረቀት ካርታ ሁለት ስስ ወረቀቶች ብርሃን በማያሳልፍ ሙጫ ተጣብቀው የሚሠራ ነው። ፊቱና ጀርባው በሚያንሸራትት ሽፋን ሲለበጡ ጠርዙ ግን የተቆረጠ ጥሬ ወረቀት ሆኖ ይቀራል፤ ስለዚህ ቀለም ይመጥጣል። ካርታዎቹ አጥብቀው ካልተያዙ ቀለሙ በመካከላቸው ሰርጎ ፊታቸውን ያበላሻል። ስለዚህ በሁለት ጣውላ መሐል አጥብቆ፣ ማርከሩን ሳይጫኑ፣ በአንድ አቅጣጫ ቶሎ ማለፍ፣ ከዚያም እስኪደርቅ መታገሥ ያሻል። እኔ በመጀመሪያ የሞከርሁት በፕላስቲክ ካርታ ነበር። ቀለሙ ጠርዙ ላይ አልይዝ ብሎ ጣቴ ላይ ቀረ።

በነገራችን ላይ፣ እንዲህ የተሰመረበትን ካርታ ይዛችሁ ገንዘብ ወደሚያስይዝ ጨዋታ ብትሄዱ ለሚደርስባችሁ ነገር ፋኩልቲው ኃላፊነት አይወስድም። ሙሉ ጠርዙን በአንድ ዓይነት ቀለም ማቅለም ጌጥ ነው። ሰያፍ መስመር ግን እያንዳንዱን ካርታ ከሌላው ይለያል፤ የአንዱ ነጥብ ከጠርዙ መጀመሪያ፣ የሌላው ከመካከል፣ የሦስተኛው ከመጨረሻ ላይ ያርፋልና። የቀድሞዎቹ የኮምፒውተር ባለሙያዎች ይህንን በሚገባ ያውቁት ነበር። አይ ቢ ኤም በ1928 እ.ኤ.አ. ባወጣው ባለ 80 ዓምድ የቀዳዳ ካርድ ላይ ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎች የካርዶቹን ጠርዝ በማርከር ሰያፍ ያሰምሩበት ነበር። አንድ ሳጥን ካርድ መሬት ላይ ቢበተን፣ መስመሩ እንደገና ቀጥ እስኪል ድረስ ካርዶቹን መልሶ መደርደር ይቻላል። እነርሱ መስመሩን የተጠቀሙበት ሥርዓትን ለመመለስ ነው፤ እኔ ደግሞ ሥርዓት ምን ያህል እንደቀረ ለማየት።

አሁን ልበውዝ። ካርታውን ለሁለት ከፍዬ፣ የሁለቱን ማዕዘን በአውራ ጣቶቼ እየለቀቅሁ አጠላልፋለሁ። ከፊት የተቀመጣችሁ ጠርዙን ተመልከቱ። አንዱ መስመር ሁለት ሆኗል፤ ሁለቱም የሳሱ ናቸው፤ ግን ሁለቱም መስመሮች ናቸው። ሁለተኛ ብወዛ፦ አራት። እኔ በተማሪዎቼ ዕድል ላይ የወሰንሁት እዚህ ላይ ቆሜ ነበር። ስምንት ሰው ቆላ የላክሁት አራት ጥርት ያሉ መስመሮች ከሚታዩበት ክምር ነው። ወረቀቶቹ ጠርዛቸው ነጭ ስለነበረ ግን እኔም አላየሁም፤ እነርሱም አላዩም።

ስሌቱን ልንገራችሁ። በዝርዝሩ መጨረሻ ያለው ወረቀት ሲከፈል ሁልጊዜ የታችኛው ክፍል መጨረሻ ነው። ሲጠላለፍ ከእርሱ በፊት ከላይኛው ክፍል ጥቂት ወረቀት ሊወድቅ ይችላል፤ ከዚያ በላይ ግን አይርቅም። የሒሳብ ሊቃውንት ለዚህ ዓይነቱ ብወዛ በሚጠቀሙበት በተለመደው ሞዴል ስናሰላ፣ ከሁለት ብወዛ በኋላ ያ ስም ከመጨረሻዎቹ ስምንት መካከል የመገኘት ዕድሉ ከመቶ 90 ነው። በእውነተኛ ዕጣ ቢሆን ከስድስት አንድ፣ ማለትም ከመቶ 17 ገደማ መሆን ነበረበት። ሦስት ጊዜ ብበውዝ እንኳ ከመቶ 66 ነው። የመጀመሪያው ስምም በተቃራኒው ከላይ ተጣብቆ ይቀራል። ልጅቷ ያየችው አጋጣሚ አልነበረም።

እንቀጥል። ሦስት፤ መስመሮቹ ስምንት ሆኑ። አራት፤ አሁን ነጥብ ብቻ ነው የሚታየው። አምስት፤ ዓይናችሁ «በቃ፣ ተደባልቋል» ይላችኋል። እዚህ ላይ ነው ዓይንና ስሌት የሚለያዩት። ዴቭ ቤየርና ፐርሲ ዳያኮኒስ በ1992 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ የተበወዘ ካርታ ከፍጹም ዕጣ ያለውን ርቀት ከ0 እስከ 1 ለክተውታል። ዳያኮኒስ ወደ ሒሳብ ከመምጣቱ በፊት በምትሐት ትርዒት ይተዳደር የነበረ ሰው ነው፤ የካርታን ጠባይ ከመጽሐፍ አልተማረም። በእነርሱ ልኬት ከአራት ብወዛ በኋላ ርቀቱ ከ1 እምብዛም አይለይም። ከአምስት በኋላ 0.924፣ ከስድስት በኋላ 0.614፣ ከሰባት በኋላ 0.334 ነው፤ ከዚያ ወዲያ በእያንዳንዱ ብወዛ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። «ሰባት ጊዜ በውዝ» የሚባለው ከዚህ የመጣ ነው።

አምስቱ ለምን እንደማይበቃ በቀላሉ ማሳየት ይቻላል። በእያንዳንዱ ብወዛ መስመሮቹ ቢበዛ በእጥፍ ይጨምራሉ፤ ስለዚህ ከአምስት በኋላ ከ32 ሊበልጡ አይችሉም። ካርታው ፍጹም ተገልብጦ እንዲገኝ ግን 52 መስመር ያስፈልጋል፤ እያንዳንዱ ካርታ ለብቻው። በሌላ አነጋገር፣ አምስት ጊዜ ብቻ የተበወዘ ካርታ ፈጽሞ ሊደርስባቸው የማይችላቸው አደራደሮች አሉ። የ52 ካርታ ጠቅላላ አደራደር ብዛት 68 አኃዝ ያለው ቁጥር ነው፤ ከዚያ ውስጥ የተወሰነው ገና በሩ አልተከፈተለትም።

አብዛኞቻችን ግን እንዲህ አናጠላልፍም። ካርታውን በአንድ እጅ ይዘን ከላይ እየቆነጠርን ወደ ሌላው እጅ እንጥላለን። ይኸው፤ አሥር ጊዜ አደረግሁት። ጠርዙን እዩት፤ መስመሩ ተቆራረጠ እንጂ አልጠፋም፤ ቁርጥራጮቹ ቦታ ብቻ ተለዋወጡ። በዚህ ዘዴ ካርታን በእውነት ለማደባለቅ የሚያስፈልገው ብወዛ በሺህ የሚቆጠር ነው። በዕቁባችን ኮፍያ ውስጥ ተጠቅልለው የሚገቡት ስሞች ደግሞ ስንት ጊዜ እንደሚነቃነቁ ራሳችሁ ታውቃላችሁ። እኔ ዕቁብ ላይ ስሜን መጨረሻ ላይ መጣል የምወደው ያለ ምክንያት አይደለም። ይህን ስናገር ዳኛችን አዳራሹ ውስጥ እንደሌሉ ተስፋ አደርጋለሁ።

እዚህ ላይ «የካርታና የዕቁብ ነገር ነው፤ ምን ያስጨንቃል?» የሚል ይኖራል። በታኅሣሥ 1 ቀን 1969 በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ አሜሪካ ወደ ቬትናም ጦርነት ሊላኩ የሚችሉ ወጣቶችን የጥሪ ቅደም ተከተል በዕጣ አወጣች። የዓመቱ 366 ቀናት እያንዳንዳቸው በአንድ ሰማያዊ የፕላስቲክ ብልቃጥ ውስጥ ተደረጉ፤ የተወለዱበት ቀን ቀድሞ የወጣ ወጣቶች ቀድመው ይጠራሉ። ብልቃጦቹ ወደ ሳጥኑ የገቡት በወር ተራ ነበር፤ የጃንዋሪ መጀመሪያ፣ የዲሴምበር መጨረሻ። ሳጥኑ ጥቂት ተነቃንቆ ወደ አንድ ትልቅ የመስታወት ዕቃ ተገለበጠ። በትክክል የተደባለቀ ዕጣ ቢሆን የእያንዳንዱ ወር አማካይ ቁጥር ወደ 183 መጠጋት ነበረበት። የጃንዋሪ አማካይ 201 ገደማ፣ የዲሴምበር 121 ገደማ ሆነ። ያን ዓመት በመጨረሻው ወር የተወለደ ወጣት ለጦርነት ይበልጥ የቀረበ ነበር፤ ምክንያቱም አንድ ሳጥን በቂ ጊዜ አልተናወጠም። ውጤቱ ግን አልተሻረም። በቀጣዩ ዓመት ቀኖቹና ቁጥሮቹ ለየብቻ በሁለት በርሜል ተደርገው ወጡ።

በአገራችንም በሐምሌ 2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከ25 ሺህ በላይ ለሆኑ የጋራ መኖሪያ ቤቶች የወጣው ዕጣ፣ የከተማው አስተዳደር መረጃው መነካካቱን ገልጾ እንደሰረዘው ታስታውሳላችሁ። ያ ከእኔ ስንፍናም ሆነ ከብልቃጦቹ የተለየ ጉዳይ ነው፤ ደካማ ብወዛና የተነካ ዝርዝር አንድ አይደሉም። ከውጭ ለሚመለከተው ባለ ዕጣ ግን ሁለቱም ያው ናቸው፤ የሚያየው የካርታውን ጀርባ ብቻ ነው። ለኮምፒውተር ሳይንስ ባልደረቦቼ የማቀርበው ጥያቄም ይህ ነው። ባለሙያ ያልሆነ ሰው ቆሞ ሊያየው የሚችል ጠርዝ ያለው የዕጣ ሶፍትዌር መሥራት አንችልምን?

አንድ ነገር ልጨምር። ብወዛ ብዙ ስለሆነ ብቻም አይታመንም። የሠለጠነ እጅ ካርታውን በትክክል 26 እና 26 ከፍሎ፣ አንድ ለአንድ እያጠላለፈ፣ የላይኛውን ከላይ የታችኛውን ከታች ካስቀረ፣ ከስምንት ብወዛ በኋላ ሁሉም ወደ መጀመሪያ ቦታው ይመለሳል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ እያንዳንዱ ብወዛ የካርታውን ቦታ በሁለት ያበዛል፤ ሁለት ስምንት ጊዜ በራሱ ሲባዛ 256 ነው፤ 256 ለ51 ሲካፈል ቀሪው 1 ነው። ጠርዙ ላይ መስመሩ ሲበተን፣ ሲጠፋ፣ ከዚያ ተመልሶ ሲሰበሰብ ማየት ያስደንቃል። የእኔ እጅ አልሠለጠነም፤ አልሞክረውም።

ወደ ተማሪዬ ልመለስ። ስሌቱን በጨረስሁ ጊዜ ልምምዱ አብቅቶ ከቆላው ተመልሳ ነበር። ክፍል ውስጥ፣ በጓደኞቿ ፊት፣ የስማቸውን ወረቀቶች ጠርዝ አሰምሬ ሁለት ጊዜ በወዝሁና አራቱን መስመሮች አሳየኋቸው። ተሳስቼ እንደነበረም ነገርኋቸው። እጇን አወጣችና፣ «እሺ መምህር፣ የእኛ ምደባስ?» አለች። በግምገማው ላይ የተሰጣቸው ነጥብ ተመዝግቧል፤ ከቆላ የተመለሱት ሁለቱ በወባ ታመው ፈተና አምልጧቸው ነበር። ለትምህርት ክፍሉ ማስታወሻ ጻፍሁ፤ ለሁለቱ ፈተናው በድጋሚ ተሰጣቸው። ለቀድሞዎቹ ዓመታት ተማሪዎች ግን ያደረግሁላቸው ነገር የለም።

ከዚያ ወዲህ ወረቀቶቹን የሚበውዙት ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። ሰባት ጊዜ ይበውዛሉ፤ ጠርዙ ይሰመራል፤ ከእያንዳንዱ ብወዛ በኋላም ክምሩ በክፍሉ ይዞራል። ሃያ ደቂቃ ይፈጃል፤ አንዳንድ ባልደረቦቼ ይስቁብኛል።

ካርታውን ከፊት ረድፍ ጀምሬ እልከዋለሁ፤ እባካችሁ እየበወዛችሁ አሳልፉት። ሁለት ያልተሰመረባቸው ካርታዎችና ማርከሮች ደግሞ ጠረጴዛው ላይ አሉ። እስከዚያው ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።