ቸርኬው ሲጸዳ እጃችን እንዳይጎዳ

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



ከሒሳብ ክፍል የመጣ ሰው መድረክ ላይ ሲወጣ ገቢና ወጪ ሊያነብ ነው ብሎ ሁሉም ይጠብቃል። የእኛም ንግግር መድረሻው ሒሳብ ነው። መነሻው ግን በላቫጆአችን በየቀኑ የምንጎነበስበት የመኪና ቸርኬ ነው። ዛሬ ጉባኤው ሁለት ነገር ይወስናል። አንደኛው የተጎሳቆለ ቸርኬ ለብቻው ዋጋ ይውጣለት ወይስ አይውጣለት የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ አንዳንድ አባላት "ጎረቤት ላቫጆዎች በአሲድ በአምስት ደቂቃ ይጨርሳሉ፣ እኛስ ለምን አንጠቀምም?" ብለው ያነሱት ጥያቄ ነው። ሁለቱም የእንጀራ ጉዳይ ስለሆኑ ከመወሰናችን በፊት ሥራውን አብረን እንየው።

ያ ጥቁር ነገር ምንድን ነው?

ደንበኛ ብዙ ጊዜ "ጭቃ ነው፣ ውሃ ሲነካው ይለቃል" ይለናል። ጭቃው በእርግጥ ይለቃል። አልለቅ የሚለው ከጭቃው ሥር ያለው ነው። ሹፌር ፍሬን በያዘ ቁጥር የፍሬን ሸራው ከዲስኩ ጋር ይፋተግና ሁለቱም በጥቂት በጥቂቱ ያልቃሉ። ያለቀው ብረት፣ ካርቦንና ሙጫ ደቃቅ ብናኝ ሆኖ እንደጋለ ቸርኬው ላይ ያርፋል። ብረቱ እርጥበት ሲያገኝ ይዝጋል፣ ሲዝግም የቸርኬውን ቀለም ነክሶ ይይዛል። በሳሙና ታጥቦ ከደረቀ በኋላ እንኳ ቡናማ ነጠብጣብ ሆኖ የሚቀረው ይኸው ነው።

የፊት ቸርኬ ከኋላው የበለጠ የሚጠቁረውም ያለ ምክንያት አይደለም። መኪና ፍሬን ሲይዝ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው የፊቱ ፍሬን ነው። ከተማችን ደግሞ ዳገትና ቁልቁለት ናት። ከእንጦጦ በሽሮ ሜዳ አድርጎ ወደ ስድስት ኪሎ የሚወርድ ሚኒባስ ምን ያህል ጊዜ ፍሬን እንደሚይዝ የተሳፈረ ሁሉ ያውቀዋል። በዚህ ላይ የክረምቱ ጭቃ፣ የበጋው አቧራና አዲስ ከተነጠፈ አስፋልት የሚረጨው ሬንጅ ይጨመራል።

መኪኖቹም አርጅተዋል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ከጣለ ወዲህ፣ ባለመኪና በእጁ ያለውን ጠግኖ መንዳትን መርጧል። ስለዚህ ወደ እኛ የሚመጣው ቸርኬ የአንድ ሳምንት ቆሻሻ ብቻ ሳይሆን የዓመታት ቆሻሻ የተሸከመ ነው።

እንዴት እናጥባለን?

አዲስ ለገቡ እህቶቻችን እንዲረዳ የምንሠራበትን ቅደም ተከተል እንንገራችሁ።

መጀመሪያ ቸርኬው መብረዱን እናረጋግጣለን። ከጉዞ የመጣ መኪና ፍሬኑ ይግላል። በጋለ ዲስክ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት ዲስኩን ሊያጣምመው ይችላል፤ ሳሙናውም ሳይሠራ ደርቆ ነጠብጣብ ይተዋል። እጃችንን አስጠግተን ሙቀት ከተሰማን ደንበኛው ሻይ ጠጥቶ እስኪመለስ እንጠብቃለን።

ሁለተኛ፣ ከመኪናው አካል በፊት ጎማዎቹን እናጥባለን። አካሉን አስቀድመን ካጠብን ከቸርኬው የሚረጨው ጥቁር ውሃ ልፋታችንን ከንቱ ያደርገዋል። ለጎማ የተለየ ባልዲ፣ ብሩሽና ጨርቅ አለን። ብሩሹ ውስጥ የቀረ የብረት ብናኝ የመኪናውን ቀለም ይጭራል፤ ስለዚህ የጎማው ጨርቅ አካሉን በፍጹም አይነካም።

ሦስተኛ፣ በብዙ ውሃ እናርሳለን፤ ከውስጥ በኩልም ጭምር። ብናኙን በደረቁ በብሩሽ መጥረግ ወይም በኮምፕሬሰር አየር መንፋት ክልክል ነው። በአንዳንድ አሮጌ የፍሬን ሸራዎች ውስጥ ሳንባን የሚጎዳ አስቤስቶስ ይገኛል። አስቤስቶስ ባይኖርበትም ደቃቅ የብረት ብናኝ መተንፈስ ለማንም አይበጅም። እርጥብ ብናኝ አይበንም።

አራተኛ፣ ለብ ባለ ውሃ የተበጠበጠ ሳሙና ቀብተን ጥቂት ደቂቃ እንተወዋለን። የሚያለሰልሰው ጊዜው ነው። ከዚያ ሰፊውን ቦታ በለስላሳ ብሩሽ፣ የብሎኖቹን ጉድጓድና ጠባቡን ጥግ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እንፈትጋለን። የድስት ማጠቢያ ሽቦ እዚህ ቦታ የለውም። ሽቦው ቆሻሻውን ሲያነሳ የቸርኬውን መከላከያ ቀለምም አብሮ ያነሳል፤ ቀለሙ የተነሳ ቸርኬ ደግሞ ከቀድሞው ፈጥኖ ይቆሽሻል።

አምስተኛ፣ ሳሙና ያላስለቀቀው ቡናማ ነጠብጣብ ከቀረ የብረት ብናኝ ማሟሚያ ፈሳሽ እንረጫለን። ይህ ፈሳሽ አሲድ አይደለም። ከብረቱ ጋር ሲገናኝ ወደ ወይን ጠጅ ቀለም ይለወጣል፤ ቸርኬው የሚደማ ይመስላል። ሽታው እንደ ተበላሸ እንቁላል ስለሆነ ከሽታው ሸሽተን፣ ጓንት አድርገን፣ ነፋሻ ቦታ ላይ እንሠራለን። ሳይደርቅም በብዙ ውሃ እናጥበዋለን። ሬንጅ ካለ ጨርቅ በጥቂት ላምባ ነክረን እናስለቅቅና ቦታውን ወዲያው በሳሙና እናጥባለን። ላምባው ዲስኩንና ሸራውን እንዳይነካ በጣም እንጠነቀቃለን፤ ቅባት የነካው ፍሬን አይዝም።

በመጨረሻ በንጹሕ ውሃ አጥበን በደረቅ ጨርቅ እንወለውላለን። ለሹፌሩም አንድ ቃል እንናገራለን፦ "ፍሬኑ ውሃ ነክቶታል፤ ሲወጡ ቀስ ብለው እየነዱ ሁለት ሦስቴ ያዝ ለቀቅ ያድርጉት።"

ይህ ሁሉ ተደርጎ የማይለቅ ነጠብጣብም አለ። እሱ ቆሻሻ ሳይሆን ቀለሙን የበላ ጉዳት ነው፤ ቸርኬው መቀባት አለበት። ይህን ለደንበኛው ከመጀመሪያው በግልጽ መንገር ከኋላ ክርክር ያድነናል።

አሲዱ

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ። ስም ባልተጻፈበት ጠርሙስ የሚሸጠው ፈሳሽ ቸርኬን በቅጽበት ያነጣል፤ ይህን አንክድም። ነገር ግን በጠርሙሱ ውስጥ ያለውን ሻጩም ላያውቀው ይችላል። በዓለም ላይ ለቸርኬ ማጽጃነት ከሚውሉ አሲዶች አንዱ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ነው። ይህ አሲድ በተለይ ሲቀጥን ቆዳን ሲነካ ወዲያው ላያቃጥል ይችላል። እናት ሥራዋን ጨርሳ፣ ልጆቿን አብልታ ከተኛች በኋላ ሕመሙ ይጀምራል፤ በዚያን ጊዜ በቆዳው ውስጥ አልፎ እስከ አጥንት ሊደርስ ይችላል። ሰፊ ቦታ ከነካ ደግሞ የሰውነትን ካልሲየም አዛብቶ ልብን እስከማቆም ያደርሳል።

ማንኛዋም አባል በእንዲህ ያለ ፈሳሽ ብትነካ ሕመም እስኪሰማት አትጠብቅ። ልብሷን አውልቃ ቦታውን በሚፈስ ውሃ ለረጅም ጊዜ ታጥበው፤ ጠርሙሱም ተይዞ ወዲያው ወደ ሐኪም ትሂድ። ሐኪሙ መድኃኒቱን የሚመርጠው ምን እንደነካት ሲያውቅ ነው። በረኪናንም ከማንኛውም አሲድ ጋር አንቀላቅል፤ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባን ይጎዳል።

"የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" ይባላል። ከአሲድ የምናገኘው ጥቂት ደቂቃ ነው። የምናስይዘው ግን የአባላችንን እጅ ነው፤ ያ እጅ ልብስ የሚያጥበው፣ እንጀራ የሚጋግረው፣ ልጅ የሚያቅፈው እጅ ነው። በሒሳብ መዝገባችን ላይ ለዚህ የሚሆን የወጪ መደብ የለም፤ እንዲኖርም አንፈልግም።

ዋጋው

ታዲያ አሲድ ሳንነካ እንዴት እንወዳደር? ሒሳቡን በቀላሉ እንየው። አንድ የተጎሳቆለ ቸርኬ በደንብ ሲታጠብ ሩብ ሰዓት ይወስዳል ብንል፣ አራቱ አንድ ሙሉ ሰዓት ይፈጃሉ። ይህን ሰዓት በተለመደው የማጠቢያ ዋጋ ውስጥ ደብቀን ስንሠራ በነፃ እየሠራን ነው። ማሟሚያው፣ ጓንቱና ብሩሹም ወጪ ናቸው። ስለዚህ ሐሳባችን ይህ ነው፦ የተለመደው እጥበት በተለመደው ዋጋ ይቀጥል። የተጎሳቆለ ቸርኬ ግን በቸርኬ ተቆጥሮ ለብቻው ይከፈልበት፤ ዋጋውም በግልጽ ተጽፎ ይለጠፍ። ደረሰኙ ላይም በተለየ መስመር ይሰፍር፤ በወሩ መጨረሻ ይህ ሥራ ስንት እንዳስገባና ስንት እንዳስወጣ በትክክል ማየት የምንችለው ያኔ ነው።

ደንበኛ ለምን ተጨማሪ ይከፍላል? ቸርኬውን በቅርብ የምናየው እኛ ስለሆንን ነው። ከአራቱ አንዱ ከሌሎቹ ይልቅ በጣም ከጠቆረ ፍሬኑ ሳይለቅ ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። በጎማው ውስጠኛ ጎን እርጥብ ቅባት ካየን የፍሬን ዘይት እየፈሰሰ ሊሆን ይችላል። ስንጥቅና የጎደለ ብሎንም እናያለን። እኛ መካኒክ አይደለንም፤ ያየነውን ተናግረን "ለመካኒክ ያሳዩት" እንላለን። በቁልቁለት ከተማ ይህች ቃል ሰው ልታድን ትችላለች። እንዲህ የሚነግረው ላቫጆ ያገኘ ሹፌር ጓደኛውን ይዞ ይመለሳል።

ለደጋፊዎቻችን

ከእናንተ የምንጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። ወፍራም የላስቲክ ጓንት፣ የዓይን መከላከያ መነጽርና ቦት ጫማ ለእያንዳንዷ አባል ያስፈልጋል። ከዚያ በላይ የሚያሳስበን የቆሻሻው ውሃ ነው። የከተማችን ወንዞች ወደ አቃቂ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይወርዳሉ፤ በታችኛው ተፋሰስ በዚያ ውሃ አትክልት የሚያለሙ ገበሬዎች አሉ። የብረት ብናኙና ቅባቱ የሚዘቅጥበትና የሚጠለልበት ጉድጓድ ብንሠራ የእኛ ንጽሕና የሌላውን ማሳ አያቆሽሽም።

ወደ ፊትስ? በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በርክቷል። የኤሌክትሪክ መኪና ፍጥነት ሲቀንስ በሞተሩ ኃይል ስለሚመልስ ሸራው ብዙም አይፋተግም፤ የፍሬን ብናኙም ያንሳል። አሮጌዎቹ መኪኖች ግን ገና ብዙ ዓመት ከእኛ ጋር ናቸው። ሥራው አለ፤ ጉዳዩ እንዴት እንሥራው የሚለው ነው።

እህቶቻችን፣ ድምፅ ስትሰጡ ሁለት ነገር እንድታጸድቁልን እንጠይቃለን፦ ስም የሌለው ፈሳሽ ከግቢያችን አይግባ፤ የተጎሳቆለ ቸርኬም የራሱ ዋጋ ይኑረው። ሁለቱ አብረው ካልጸደቁ አይሠሩም። ድካማችን ካልተከፈለበት ወደ አሲዱ መገፋታችን አይቀርምና።