በጨዋታ ዓለም ውስጥ የሚኖር ጽሑፍ



ከባሕር ዳር በጀልባ ተሻግሮ ዘጌ የሚወርድ መንገደኛ፥ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሲደርስ የመቅደሱን ግድግዳ በሥዕል ተሸፍኖ ያገኘዋል። ከሥዕሎቹ ጋር ጽሑፍ አለ፤ ከቅዱሱ አጠገብ ስሙ፥ ከታሪኩ ጋርም ድርጊቱን የሚያስረዳ የግዕዝ ሐረግ ይነበባል። ሠዓሊው ጽሑፉን በዚያው በሥዕሉ ዓለም ውስጥ ስፍራ ሰጥቶታል። ነገር ግን አንድ ጊዜ ከተጻፈ በኋላ አይለወጥም።

የኮምፒዩተር ጨዋታ ጽሑፍ የሚለየው በዚህ ነው። የጣናን ዳርቻ የሚያሳይ ጨዋታ የሚሠራ ባለሙያ በጀልባው ማቆሚያ ሰሌዳ ተከለ እንበል። በሰሌዳው ላይ ያለው ጽሑፍ እንደ ዛፉና እንደ ጀልባው ራሱን የቻለ አካል ነው፤ ስፍራ፥ አቅጣጫ፥ መጠንና ቀለም አለው። ስክሪፕት የሚባለው የትእዛዝ ጽሑፍ ተጫዋቹ ሲቀርብ ይገልጠዋል፥ ሲርቅ ይሰውረዋል፥ ጀልባው ሲነሣ ቃሉን ይለውጠዋል።

ቋንቋው አማርኛ ሲሆን ግን ሥራው ይከብዳል። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ስለ ገባ፥ ኮምፒዩተር ፊደሉን አያውቀውም ማለት አይቻልም። ሆኖም የጨዋታ መሥሪያዎች አብዛኛውን ጊዜ ፊደሎቹን አስቀድመው በአንድ ሥዕል ላይ ያትሙና ከዚያ እየቀነጨቡ ያሳያሉ። ለእንግሊዝኛ ትልቁና ትንሹ ተደምሮ 52 ፊደል ይበቃል፤ ለአማርኛ 33ቱ በ7 ሲባዙ 231 ይሆናሉ፥ ያውም ዲቃሎቹና አኃዞቹ ሳይቆጠሩ። ያልታተመ ፊደል ባዶ ሣጥን ሆኖ ይወጣል፤ በዩኒቲ የሠራ ሰው ይህን ሣጥን አሳምሮ ያውቀዋል። ለፊደሉ በዋናነት የተመደበውን 384 የኮድ ስፍራ በሙሉ ማስገባት ይህን ያስወግዳል።

ከዚህ የሚብሰው የሰዋስው ጉዳይ ነው። ፕሮግራመሩ በእንግሊዝኛ ልማድ አንድ ሰላምታ ጽፎ የተጫዋቹን ስም ይቀጥልበታል። በአማርኛ ግን እንግዳን ሲቀበሉ «እንኳን ደህና መጣህ»፥ «መጣሽ» ወይም «መጡ» ብሎ መለየት ያስፈልጋል። የጨዋታው ባለ ጀልባ ከዳር ቆሞ አንዲትን ልጅ «መጣህ» ቢላት፥ ጨዋታው ለእርስዋ እንዳልተሠራ ወዲያው ትረዳለች። መነኩሴውን «መጣህ» ካለማ ነውር ነው። የተሳቢው «ን» ደግሞ ከስሙ ተለይቶ «ዘጌ ን» ተብሎ ይታያል፤ እንዲህ ያለውን ስሕተት ማንበብ የጀመረ ሕፃን እንደ ትክክል ሊይዘው ይችላል።

ስለዚህ ስክሪፕቱ ቁርጥራጭ ቃላት መቀጠሉን ትቶ፥ በሰንጠረዥ ከተቀመጡ ሙሉ ዓረፍተ ነገሮች መካከል ለተጫዋቹ የሚስማማውን ይምረጥ። ሰንጠረዡን ቋንቋውን የሚያውቅ አራሚ ስክሪፕቱን ሳይነካ ሊያቃናው ይችላል። ሥራው ሲፈተንም በረጅሙ ስም ይፈተን፤ «ዘጌ» የተጻፈበት ሰሌዳ «ዑራ ኪዳነ ምሕረት» ሲጻፍበት ይጠብባልና።