አንድ ወንበር ለ119 ሺህ፣ አንድ ወንበር ለ193 ሺህ!

(ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ በአንድ የእድር አዳራሽ ካደረግሁት ንግግር)



እድርተኛን ቅዳሜ ከሰዓት ለምርጫ ወሬ መሰብሰብ ድፍረት ነው። ያውም የኮልፌን ሳይሆን የጎዴንና የአፋርን ወሬ! ቢሆንም ጆሮ ስጡኝ።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 ሕዝብ በየአሥር ዓመቱ ይቆጠር ይላል። በቆጠራው ውጤትና በምርጫ ቦርድ ሐሳብ መሠረት ደግሞ የፌዴሬሽን ምክር ቤት የምርጫ ክልሎችን ወሰን ይወስናል። ታዲያ ለመጨረሻ ጊዜ የተቆጠርነው መቼ ነው? በ1999 ዓ.ም.! በ2010 ይሆናል ተባለ፣ ተላለፈ። በ2011 ተባለ፣ ያም ተላለፈ። እድራችን እንኳ መዝገቡን ያድሳል፤ የሞተውን ይሰርዛል፣ የመጣውን ይጽፋል። የተወካዮች ምክር ቤት ወንበር ግን ከ1987 እስከ 2013ቱ ምርጫ ያው 547 ነው።

እስቲ በ1999ኙ ቁጥር ሒሳቡን እንሥራው። አዲስ አበባ 2.74 ሚሊዮን ሰው፣ 23 ወንበር። ለአንድ ወንበር 119 ሺህ ግድም ነው። ሶማሌ ክልል 4.45 ሚሊዮን ሰው፣ እሱም 23 ወንበር! ለአንዱ 193 ሺህ ደረሰ ማለት ነው። አፋር 1.39 ሚሊዮን ሆኖ 8 ወንበር። የሦስት የአዲስ አበባ ሰው ድምፅ ከአምስት የሶማሌ አርብቶ አደር ድምፅ ጋር ሊስተካከል ምንም አልቀረውም።

ለአነስተኛ ብሔረሰቦች ቢያንስ 20 ወንበር መያዙን አልቃወምም፣ ሕግ ነው። ይኼ ግን የዚያ ተቃራኒ ነው።

«ቆጠራውስ ይታመናል ወይ?» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው። የ1999ኙ ውጤት የአማራን ክልል ሕዝብ ከተገመተው ከሁለት ሚሊዮን በላይ አሳንሶ ሲያወጣ ጉዳዩ ምክር ቤት ውስጥም አነጋግሯል። ቆጠራ ወንበር ነው፣ በጀትም ነው። ገዢው ፓርቲ ቢፈራው አይገርመኝም። የሚገርመኝ የኛ ዝምታ ነው። በ1997 ቅንጅት የአዲስ አበባን 23 ወንበር ጠቅልሎ ሲወስድ ጨፈርን። ሶማሌ ክልል ያኔ ገና ድምፅ አልሰጠም ነበር፤ ተራው የደረሰው በነሐሴ ነው። በ2013ቱም ምርጫ እኛ በሰኔ መርጠን እነሱ መስከረም 20 ቀን 2014 መረጡ። የትኛው ጋዜጣችን ይህን ብሎ ጮኸ? እኔም አልጮህኩም።

እትዬ፣ እጅዎን አይቻለሁ። «ሲሸነሸን ከኛ ይቀነሳል ወይ?» ነው ጥያቄው። የወንበሩ ጣሪያ 550 ነው፣ የቀረው ሦስት ብቻ። ስለዚህ ከአንዱ ተነሥቶ ለሌላው ይሰጣል። በ1999ኙ ቁጥር ከሄድን አዲስ አበባ ሁለት ሦስት ወንበር ታጣለች።

እስቲ ይህን እሺ የምትሉ እጃችሁን አውጡ።